ሜዳ ላይ ያደረችው መኪና

ጠቅ። ቁልፉን አዙሬ ያቺ ድምፅ ብቻ ከወጣች፣ ሞተሩም ዝም ካለ፣ ዛሬም ድረስ እጄ ቁልፉ ላይ ይቀራል። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ የምሰማት ድምፅ ናት፤ ልለምዳት ይገባ ነበር። ዛሬ ጠዋት አንድ ደንበኛ መኪናውን አስጎትቶ አምጥቶ «አልነሳ አለችኝ» አለኝ። ገና ጠቅ ስትል እኔ ላሊበላ፣ የአባቴ ግቢ ውስጥ ነበርኩ።

አባቴ ተሳላሚዎችን ወደ ነአኩቶ ለአብና ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚያመላልስባት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ አርጅቶባታል፤ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይተኛል። ስለዚህ በየምሽቱ አፍንጫዋን ቁልቁል አዙሮ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ወሽቆ ያሳድራታል። ጠዋት ድንጋዩን ነቅሎ ይለቃታል፤ ትንሽ ተንደርድራ ማርሽ ሲያስገባባት እያጉረመረመች ትነሳለች። በሰፈራችን አብዛኛው መኪና የሚያድረው እንዲያ ነበር። ቁልቁለቱ ባይኖር ግማሾቻችን በእግራችን በሄድን።

ሙያውን ያስያዘኝ እሱ ነው። «መጀመሪያ ጆሮሽን ስጪ፣ እጅ ኋላ ይደርሳል» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ያወቅኩትንም ወዲያው ለእናቴ ካላስተማርኩ አላርፍም። አንድ ቀን ኮፋኖውን ከፍቼ የባትሪውን ማሰሪያ እያሳየኋት፣ ይቺ ብሎን ከላላች ይሄ ሁሉ ብረት በድን ነው ብዬ ጎረርኩባት። እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ሰማችኝና «አይ የዘንድሮ ልጅ» ብላ ሳቀች። ነገሩን ልብ ያለችው አልመሰለኝም።

ኮምቦልቻ መካኒክነት እንድማር ቦታ ሳገኝ ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከእኔ በፊት ታላቅ ወንድሜን አባቴ በዚያችው ፒካፕ መናኸሪያ አድርሶት ነበር። ሥራ ፍለጋ ብሎ የሄደው ልጅ አንድ ሁለቴ ደወለ፤ ከዚያ ስልኩም እሱም ጠፉ። እናቴ ስሙን ማንሳት አቆመች። ለእኔም አትሂጂ አላለችኝም። ለስንቄ ዳቦ ቆሎ ማዘጋጀት ስትጀምር፣ እሺ ያለችኝ መሰለኝ።

በመሄጃዬ ዋዜማ ቁልቁለቱ ላይ፣ ልክ መኪናዋ የምታድርበት ቦታ፣ ሸራ ዘርግታ ገብስ አሰጣች። ሲመሽም አላነሳም፣ ገና አልደረቀም አለች። አባቴ እያጉተመተመ መኪናዋን ደልዳላው ላይ፣ ከቤቱ ጎን አቆማት። እሷ ጓዳ ገብታ ሊጧን ማሸት ቀጠለች።

ጎህ ሲቀድ ሻንጣዬን ጭኜ ጨረስኩ። አባቴ ቁልፉን አዞረ። ጠቅ። የፊት መብራቱ ፍዝዝ ብሎ ጠፋ። ደገመው። ጠቅ። የምዝገባው መዝጊያ በማግስቱ ነበር፤ የዚያን ማለዳ የኮምቦልቻ አውቶቡስ ካጣሁ ቦታዬ ለሌላ ሰው ነው። ግቢው ጠበበኝ፤ ከበሩ ወደ መኪናዋ፣ ከመኪናዋ ወደ በሩ ተንቆራጠጥኩ። አባቴ ባትሪው ሞቷል ብሎ ፈረደና፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያለ እየተረተብኝ የሚገፉ ጎረቤቶች ሊጠራ ወጣ።

እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ደጃፉ ላይ ቆማለች። «መኪናዋም እንቢ ካለች ምን ይደረጋል» አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ። «ቅሪ እንጂ።»

ያን ጊዜ ነው ጆሮዬን የሰጠሁት። ማታ አባቴ ሲገባ መብራቷ ግቢውን ቀን አስመስሎት ነበር፤ በአንድ ሌሊት እንዲህ መድከሟ አልዋጥልሽ አለኝ። ኮፋኖውን ከፈትኩ። የባትሪው ማሰሪያ ስነካው ተወዛወዘ። አባቴ ያቺን ብሎን የሚያጠብቃት ጥርሱን ነክሶ ነው፤ በራሷ የምትላላ አይደለችም። መፍቻውን ፍለጋ ወንበሩ ሥር እጄን ሰደድኩ፤ የለም። ተመልሼ ሳይ ብሎኗ ሥር አንድ ነገር ተለጥፏል። በጣቴ አነሳሁት። ሊጥ ነበር፤ በርበሬና ዘይት ይሸታል። የዳቦ ቆሎዬ ሊጥ። ገብሱም ለምን ቁልቁለቱን ይዞ እንዳደረ ገባኝ።

አልዋሽም፣ ለቅጽበት ደሜ ፈላ። ቀና ስል ግን ከእናቴ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ሴትየዋ ልታስቀረኝ ማሰሪያውን ባላላችበት በዚያው እጇ ስንቄን ስታሰናዳ ነው ያደረችው። አንጀቴን በላችው። አባቴ እንዳያየው ሊጡን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት።

ቀስ ብላ መጣች። «አገኘሽው?»

«አገኘሁት፣ እማ።»

መፍቻውን ከመቀነቷ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ።

«በይ ጥብቅ አድርጊያት» አለች። «መንገድ ላይ እንዳትላላብሽ።»

አባቴ ጎረቤቶቹን አስከትሎ ሲመለስ መኪናዋ ተነስታ ትንተከተካለች። ምን ሆና ነው ሲለኝ፣ ማሰሪያው ላልቶ ነው አልኩት። እናቴ ስንቄን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ገብሷን ልታነሳ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ለበዓል ሄጄ የመመለሻዬ ዋዜማ ሲሆን፣ መኪናዋ ቁልቁል መቆሟን የምታየው፣ ጎማው ሥር ድንጋዩን የምትወሽቀው እናቴ ራሷ ነበረች። እስክታርፍ ድረስ አንድም ቀን አላስቀረችኝም።

የዛሬውን መኪና ኮፋኖ ከፈትኩ። ማሰሪያው ጥብቅ ነው፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ መሆኑን አወቅኩ። እንደ ልማዴ ግን ጣቴን ብሎኗ ሥር አሳለፍኩ። አቧራ ብቻ ነበር።