ግርጌ የተኛሁበት ዓመት

የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ፈሊጥ ጻፈና «እንደ ሰርዲን መታጨቅ ማለት ነው» አለ። «ዓሣዎቹ ቆርቆሮው ውስጥ ያንዱ ራስ ካንዱ ጭራ እየሆነ ይደረደራሉ። ሰው ጠባብ ቦታ ሲታጨቅ እንዲህ ይባላል፤ የአዘዞን ሚኒባስ አስቡ።» በዓረፍተ ነገር ማን ይሞክር ሲል ቀድሜ እጄን አወጣሁ። በእንግሊዝኛ «እኛ ቤት እንደ ሰርዲን ነው የምንተኛው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጓደኛዬ ግን ከእኔ ጋር አልሳቀችም፤ አጠገቧ ከተቀመጠችው ከአክስቷ ልጅ ጋር ተያየች። ያ መተያየታቸው አንጀቴን አሳረረው።

ከእንፍራንዝ ገጠር ለትምህርት ጎንደር ስንመጣ፣ እኔና ጓደኛዬ ክፍል ተከራይተን ባንድ ፍራሽ፣ ባንድ ትራስ ነበር የምንተኛው። ወሬያችን እንቅልፍ ካልጣለን አያልቅም። በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ የአክስቷ ልጅ ስንቋን ይዛ መጣች። ለሦስት ሰው አንድ ወገን አልበቃ አለ።

«አንቺ ግርጌ ሁኝ» አለችኝ ጓደኛዬ። «እንግዳ ግርጌ አይተኛም።»

እውነቷን ነው፤ ባገራችን ለእንግዳ ራስጌ ነው የሚለቀቀው። ግን እንግድነት ስንት ወር ነው? ጥቅምት አለፈ፣ የገና ጾም ገባ፣ ልጅቱ አሁንም እንግዳ ናት! እኔ የሁለቱን ተረከዝ ታቅፌ ሹክሹክታቸውን አዳምጣለሁ። ሲስቁ ይሰማኛል፣ በምን እንደሳቁ ግን አይሰማኝም። ቀናሁ። ጓደኛዬ ጸጉሯን ስትሠራላት ቀናሁ፤ ሽሮ አብረው ሲያማስሉ እንኳ ቀናሁ።

«ምነው፣ ምን ሆነሻል?» ሲሉኝ «ጠበበኝ» እላለሁ። ለአባቴም በስልክ የነገርኩት ይኸንኑ ነው። ሌላ ፍራሽ ከመጣ እንግዳዋ እሱ ላይ ትተኛለች፣ ራስጌዬም ይመለስልኛል ብዬ ነበር።

አባቴ አላመነታም። ቅዳሜ አዲስ የስፖንጅ ፍራሽ መኪና ላይ አስጭኖ ከች አለ።

«ሸጋ አባት አለሽ!» አለች ጓደኛዬ። «በይ ተንፈላሰሽበት።»

«እንግዳዋ ትተኛበት» አልኩ።

«ኧረ ምን በወጣሽ! አባትሽ ላንቺ ያመጣውን?»

የአክስቷ ልጅ ጭራሽ ብርድ ልብሴን አንጥፋልኝ ነበር። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ፊቱ በደስታ በርቷል።

«አሁንስ ሰፋሽ፣ ልጄ?»

«ሰፋኝ፣ አባዬ» አልኩት።

መናኸሪያ ድረስ ስሸኘው እንባዬን አይቶ የናፍቆት መሰለውና ግንባሬን ሳመኝ። ስመለስ ሁለቱ አሮጌው ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው ያጠናሉ። አዲሱ ላይ ወጥቼ መሀሉ ላይ ተኛሁ። ጠጋ በይ የሚለኝ ሰው አልነበረም።