ለደሳለው ያላለቀስሁት ለቅሶ

ሁለት የንስሐ አባቶች ቀብሬያለሁ፤ ሁለቱም ይህን ከአፌ ሳይሰሙ ነው የሞቱት። ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ቆይቼ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። አሁን አርጅቻለሁ፤ የሚሾመኝም የሚያስረኝም የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትሉኝ እውነታችሁን ነው። ብቻ ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ከሙጃ ወዲህ ባለችው መንደራችን የገበሬ ማኅበሩ የቅስቀሳ ኃላፊ ነበርሁ። ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ድምፄም ያምራል። ከወረዳ የሚመጣው ካድሬ በስብሰባ ላይ ያስነሳኝና እጄን ወደ ላይ ወርውሬ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!» እላለሁ፤ ሰዉም ተከትሎኝ ይጮኻል። በፊት እኮ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ገዢውን ያልወደደ አፉን ዘግቶ እርሻውን ያርሳል። በእኛ ጊዜ ዝምታም ወንጀል ሆነ፤ አፉን ያላንቀሳቀሰው ማን እንደሆነ ከፊት ቆሜ የምለቅመው ደግሞ እኔ ነበርሁ። አገር መውደድ ማለት አብሮ መጮህ ነው ብዬ አመንሁ። አመንሁ ልበል? ወይስ ሹመቱ ጣፈጠኝ? እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ደሳለው የእትዬ አበዜ አንድ ልጅ ነበር። እኔና እሱ በአንድ የኔታ እግር ሥር ቁጭ ብለን ፊደል የቆጠርን፣ አንዱ የያዘውን ቆሎ ለሌላው ሳያካፍል የማይበላ ጓደኛሞች ነበርን። የውትድርና ምልመላው ሲመጣ ደሳለው ጠፋ፤ ፍላቂት ዘመዶቹ ዘንድ ሄዷል ተባለ። ካድሬው ጠራኝና «ጓደኛህ እናት አገሩን ከድቷል። እሱ ካልተገኘ የሚተካው አናጣም» ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

በገበያ ቀን ሙጃ ላይ አገኘሁት፤ ጨው ሊገዛ ብቅ ብሎ ኖሯል። አየኝና ሳቅ አለልኝ። ከእኔ ጋር የነበሩት ታጣቂዎች መልኩን አያውቁትም። በአገጬ አመለከትኋቸው። ይኸው ነው፤ ቃል እንኳ አላወጣሁም። እጁን ወደ ኋላ ሲያስሩት ዓይኑ እኔን ይፈልግ ነበር፣ እንድደርስለት። ጓደኛዬን በአገጬ ሰጠሁት።

ዓመት ሳይሞላ ሰሜን ግንባር ወደቀ የሚል መርዶ መጣ። ከመርዶው ጋር የካድሬው መመሪያ ወረደ፤ ለእናት አገር የወደቀ ይፎከርለታል እንጂ አይለቀስለትም፣ ዋይታ የጠላት ቅስቀሳ ነው የሚል። ያንን መመሪያ ቤት ለቤት ያዞርሁት እኔ ነኝ። እትዬ አበዜ ደጃፍም ቆሜ ነገርኋቸው። «ሰማሁህ ልጄ» አሉኝ፤ ሌላ አልተናገሩም።

በእኛ አገር የለቅሶ ቃል አይከሰስበትም። ዳኛም ባላባትም ቢሰደብ «ሐዘን ነው ያናገረው» ተብሎ እዚያው ይቀራል። ከለቅሶ ሜዳ ቃል ይዞ የወጣ ሰው ከሌባ አይሻልም። ሬሳ ስላልነበረ የደሳለው ጋቢና ዱላ አልጋ ላይ ተዘረጋ። እናቱ የታወቁ አልቃሽ ናቸው፤ የስንቱን ልጅ በግጥም ሸኝተዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሐል ገቡ። ፉከራው አልወጣቸውም።

«ከሙጃ ገበያ አስረው ቢወስዱብኝ፣
እናት አገሩ ናት የጠራችው አሉኝ፤
ዘጠኝ ወር የያዝሁት እናቱስ እኔ ነኝ፣
የወደቀበትን ማን መጥቶ ነገረኝ።»

ወንዱ ሁሉ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩና ስሜን ጠሩ። «አያሌው! አንተ አያሌው፣ ወዲህ ግባ!»

አወቁብኝ አልሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ግጥም የአገጬን ነገር ነው፣ በሕዝብ ፊት ሊያወጡኝ ነው አልሁ። የማውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ እጄን ወርውሬ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!» ብዬ ጮህሁ። ማንም አልተከተለኝም። ደግሜ ጮህሁ። አንድ ሽማግሌ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። የእናትየው ድምፅ በእኛ ጩኸት ተዋጠ።

ሌላ ግጥም ሳያወጡብኝ ብዬ በማግስቱ ካድሬው ዘንድ ሄጄ ግጥሙን በቃሌ አወረድሁለት። ለቅሶው ላይ አልነበረም፤ እኔ ባልነግረው ከየት ይሰማል? «ፀረ አንድነት ናት» አለና እትዬ አበዜን አስወሰዳቸው። ከመኸር እስከ በልግ ታስረው ጎብጠው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ ግጥም ከአፋቸው አልወጣም። በመንደራችንም ሰው ሲሞት ሰዉ አፉን በጋቢው ይዞ ያለ ቃል ያለቅስ ጀመር። ካድሬው «አሁን ሥርዓት ያዛችሁ» ብሎ አመሰገነን።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አባቴ ሞተ። እትዬ አበዜ በምርኩዝ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ።

«ያን ለት ስጠራህ ለምን እንዳልገባህልኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል» አሉኝ።

«የት ነው የምገባው እትዬ?»

«ጓደኛው አይደለህ? አልቃሽ ሲደክማት የሟችን ጓደኛ ትጠራ የለም ወይ? ተቀበለኝ፣ አብረኸኝ አልቅስለት ብዬ ነው እንጂ። ልጄ ወንድም የለው፤ ካንተ ሌላ ማን አለው ብዬ ነው።»

ወጉ ጠፍቶኝ ነው? በየለቅሶው ያየሁት ነው፤ ጓደኛው ስሙ ሲጠራ ይገባል፣ ግጥሙን ይቀበላል፣ ያለቅሳል። የበደለ ጆሮዬ ግን ጥሪውን ክስ አድርጎ ሰማው።

«ፈርተህ ነው የጮኽኸው፤ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ያልፈራ ማን አለ» አሉና እጄን ያዙኝ።

ይኸው በር ተከፈተልህ፣ ተናገር! አልሁ በልቤ። ገበያውን ንገራቸው፣ አገጭህን ንገራቸው፣ ማን እንዳሳሰራቸው ንገራቸው። አፌን ከፈትሁ። «አዎ እትዬ፣ ፈርቼ ነው» አልሁ።

ዘመኑ ነው እንዳልል ዘመኑ አልፎ ነበር። ካድሬው የለ፣ ታጣቂው የለ፣ ጆሮ ጠቢው የለ። ያን ቀን አፌን የያዝሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር ማለት የሚችሉት እናትና ልጅ ነበሩ፣ እነሱም ሳይሰሙኝ ሄዱ።

እትዬ አበዜ ሲሞቱ ለቅሶው ላይ ከዳር ቆሜ ነበር። ከደርግ ወዲህ ግጥሙ ተመልሶ ነበርና አልቃሿ «ልጅ የላቸው፣ ወንድም የላቸው፣ የእሳቸው ሰው ማን አለ?» ብላ ጠየቀች። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ እሷም ስሜን ጠራች። አልገባሁም።