የአክስቴ ወስፌ እና የአጎቴ ራዲያተር

ባለፈው ሳምንት የአጎቴን አርባ አወጣን። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ደግነታቸውን ሲያወራ፣ እኔ ግን የማስበው አንዲት ወስፌ ነበር።

አጎቴ ከወገዳ የሚነሳ አሮጌ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። እህል በሚወቃበት ወራት ነፋሱ ከአውድማው ገለባ እያነሳ የሞተሩን ውሃ በሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ስስ የብረት ክንፎች መካከል ይሰገስገዋል። ያኔ አየር አያልፍም፤ ውሃው ይፈላል። ስለዚህ መንገዱ ላይ ካለው ዳገት ሥር ያቆሙና በሚስታቸው በአክስቴ የስፌት ወስፌ ገለባውን እየለቀሙ፣ የተጣመመውን ክንፍ ያቃናሉ። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም፣ «እስቲ ይተንፍስ! እናንተስ ዳገት ስትወጡ አትተነፍሱም?» ይላሉ።

አንድ ጊዜ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያለ መካኒክ፣ «ቱቦው ጠፍጣፋ፣ ክንፉም የበዛ አዲስ ዓይነት ራዲያተር መጥቷል፤ ቶሎ ያቀዘቅዛል» አላቸውና አስገጠሙ። እኔም በአውቶቡሱ እመላለስ ነበርና መቆም ቀረ ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ ግን እዚያው ዳገት ሥር ቆሙ። በርግጥ ውሃው አልፈላም ነበር።

«ክንፉ ሲበዛ ገለባውም ማረፊያ አገኘ፤ ሳይብስበት ልልቀምለት» ብለው ሳቁ።

አክስቴ ማታ ማታ ትቆጣ ነበር። «ኧረ እርስዎ ሰው፣ ወስፌዬን ይመልሱ! ይሄ ሞሰብ የሚያልቀው መቼ ነው?»

ትናንት ልጠይቃት ሄድኩ። ሞሰቡ አልቋል። ወስፌዋ ግን እሳቸው ሲወጡ ከሚመዟት ከበሩ መቃን ላይ ተሰክታለች።

«ላንሳልሽ?» አልኳት።

«ተዪያት» አለችኝ። «ካነሳሻት ጠዋት ሲወጡ ያጧታል።»