የጉልላት ብርቱካን

እ.ኤ.አ. በ1996 ጉልላት በካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ ባለ አንድ የፍራሽ ፋብሪካ የተጎዱ ሠራተኞችን ወደ ሥራ ይመልስ ነበር። መመለስ እንጂ ማዳን የእሱ ድርሻ አልነበረም። በፋብሪካው መግቢያ፣ በአደጋ ምክንያት ሰው ከሥራ ሳይቀር ያለፉትን ቀናት የሚያሳይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የተጎዳው ሰው መጥቶ ምሳ ክፍል ከተቀመጠ ቁጥሩ አይነካም። ይህ «ላይት ዲዩቲ»፣ ቀላል ሥራ፣ ይባላል። ከተጎዱት መካከል አበሾቹን ማምጣት የጉልላት ሥራ ነበር።

ዘዴው አንድ ነው። ብርቱካን ገዝቶ፣ ደህና የሚመስለውን ለራሱ አስቀርቶ፣ ሕመምተኛ ሊጠይቅ ይሄዳል። ጠያቂ ከደጅ አይመለስም፤ ሽማግሌም ፊት ለፊት እምቢ አይባልም። ከአገሩ ባህል አጥብቆ የያዘው ይህንኑ ብቻ ነበር። «እግዜር ይማርሽ» ይላል፤ ሻዩን ይጠጣል፤ ጫማውን እያጠለቀ «እንግዲህ ሰኞ» ይላል።

የፋብሪካው ሠራተኛ የጥሩወርቅ የትከሻ ጅማት ተበጥሶ ሐኪም ክንዷን እንዳታንቀሳቅስ ባዘዘ ጊዜም ታራዴል ሰፈር ቤቷ ድረስ እንዲሁ መጣ። ቁጭ ብላ ጓንት ልትለይ ተስማማች። ሰው ያጠረ ዕለት ግን ጉልላት «ይቺን አንዷን ብቻ ያዥልን» ብሎ ፍራሽ አሸከማት። ጅማቱ እንደገና ተበጠሰ፤ በቀዶ ጥገና ተሰፋ። ሐኪሙ ሌላ ጊዜ ከተበጠሰ ክንዷ ከደረቷ በላይ እንደማይነሳ ነገራት።

ጉልላት ብርቱካኑን ይዞ መጣ። ጎረቤቷ ትግስትና ሌሎች ሴቶች ሊጠይቋት ተቀምጠዋል።

«እግዜር ይማርሽ! ቤት መዋል እኮ ያሳብዳል። ሰኞ ብቅ በይ፤ ወንበርሽ አለ።»

«እሺ ጋሼ፤ እስቲ መጀመሪያ አንድ ብርቱካን ይላጡልኝ። እጄ እንደሚያዩት ነው።»

ላጠላት።

«ለትግስትም።»

ላጠ። ሦስተኛው ላይ ጭማቂው እጅጌው ውስጥ ገባ፤ ሰዓቱን አየ።

«ደከመዎት እንዴ? ቁጭ ብለው እኮ ነው» አለች ጥሩወርቅ።

«አይዞዎት ጋሼ፣ ላይት ዲዩቲ ነው!» አለች ትግስት።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ጉልላትም የተቀለደው በሌላ ሰው ይመስል አብሮ ሳቀ።

«ሰኞ አልመጣም» አለች ጥሩወርቅ ሳትስቅ። «ወንበሩ ላይ እርስዎ ይቀመጡ።»

እንዳለችውም ቀረች። ሰሌዳው ወደ ዜሮ ተመለሰ፤ ትከሻዋ ቀስ ብሎ ዳነ። ጉልላት ከዚያ ቀን ምንም አልተማረም ማለት አይቻልም፤ ከዚያ ወዲህ ለሕመምተኛ የሚገዛው ሙዝ ሆነ።