ክዳኑ ላይ የተቀረጹት ወፎች

ሰፈርተኛው «ጋሽ ሣጥኔ» ይለዋል፤ የሬሳ ሣጥን ሠሪ ነው። «እሱ ትኩር ብሎ ካየህ ቁመትህን እየለካ ነው» እያሉ ይቀልዱበታል። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው አንድ ዓይነት ሣጥን ነው፤ ልሙጥ ጣውላ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ። «አፈር ለሚበላው ምን ማስዋብ ያስፈልጋል?» ይላል።

ሚስቱ ኩላሊቷን ታማ አልጋ ከያዘች ወዲህ ከወርክሾፑ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ስልኳን ስትነካካ ትውላለች። አንድ ቀን ሌላ ነገር ስትፈልግ ሳታስበው አንድ አጭር ፊልም ተከፈተባት፤ አንድ ሽማግሌ የእንጨት በር ላይ ወፍ ሲቀርጽ። ንግግር የለው፣ ሙዚቃ የለው፤ የመሮው ድምፅ ብቻ። ጨርሳ ደገመችው። ከዚያማ ስልኩ ራሱ ግድግዳ የሚሥለውን፣ ሸክላ የሚያበጀውን እያመጣ ይደረድርላት ጀመር። እሷ ግን ዞራ ዞራ ወደ ሽማግሌው ትመለሳለች።

«አንተ! ና እስቲ ይሄን እይ።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«እኔም መሞት ላይ ነኝ፤ ግን ጊዜ አላጣሁም።»

ሳቁ አመለጠው። መጋዙን አስቀምጦ አጠገቧ ተቀመጠ። ሽማግሌው ላባውን አንድ በአንድ ሲያወጣ አብሯት አየ።

«የኔን ሣጥን እንደዚህ አድርገህ ሥራልኝ» አለችው።

ተነሥቶ ወጣ። እስኪመሽ ልሙጥ ጣውላውን ሲጋዝ ተሰማት።

በማግስቱ ግን ከቁራጭ እንጨት ጋር ሲታገል ዋለ። ይዞላት ሲመጣ ከት ብላ ሳቀች። «ይሄማ ዶሮ ነው! ያውም የታመመ ዶሮ።» ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና እስኪያልፍላት ጀርባዋን ደግፎ ቆየ። ከዚያ በኋላ ፊልሙን እያቆሙና እየመለሱ፣ እሷ «መሮውን ጋደም አድርጎ ነው የያዘው፣ አላየህም?» እያለች፣ እሱ እየቀረጸ ከረሙ። ዶሮው ቀስ በቀስ ወፍ ሆነ።

አንድ ማለዳ አረፈች። የሣጥኗ ክዳን ገና ባዶ ነበር፤ እሷ በሕይወት እያለች ሊጀምረው እጁ እምቢ ብሎት። ወርክሾፑን ከውስጥ ቆልፎ ክዳኑ ላይ ሁለት ወፎች መቅረጽ ጀመረ። ለቀብር የመጣው ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ቀረ። ወንድሟ በሩን ደበደበ።

«አብደሃል? እህቴ ተጋድማ አንተ እንጨት ታንኳኳለህ? ሌላ ሣጥን እንገዛለን!»

«ቆየኝ፣ ክንፉ ቀርቷል።»

ቀብሩ ለማግስቱ አደረ። ሣጥኑ ሲወርድ አንዲት ሴት «ውይ!» አለች፤ ወንድሟ ፊቱን አዞረ። የመጀመሪያው አካፋ አፈር ሁለቱን ወፎች ሸፈነ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ባሏ ማየት አልቻለም።

የሚስቱ ዘመዶች «የእህታችንን ሬሳ አንገላታ» ብለው ከዚያ ወዲህ ደጁን ረግጠው አያውቁም። እሱም ወደ ልሙጡ ሣጥን ተመለሰ። በቅርቡ ወሬውን የሰማ አንድ ሰው ለአባቱ ወፍ እንዲቀርጽለት ለመነው። ጣውላውን አጋድሞ መሮውን ያዘ፤ ብዙ ቆየና መልሶ አስቀመጠው።

«አልችልም ወንድሜ፤ የሚያርመኝ ሰው የለም» አለው።

ሰውየው ልሙጡን አሸክሞ ሄደ።