አበባ የተሳለበት ቆርቆሮ

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ በአጎቴ ሱቅ ስሠራ፣ ከግቢያችን ጓሮ አንዲት ጎንደሬ እማማ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ደርግ አንድ ልጃቸውን አስሮባቸው፣ እሳቸው በሞያሌ በኩል ወጥተው ናይሮቢ የደረሱ ሴት ናቸው። "ልጄ ተፈቶ የደኅንነቱን ወሬ እስክሰማ የፍስክ ነገር በአፌ አይገባም" ብለው ተስለዋል። እንግሊዝኛ ስለማያነቡ፣ አዲስ የታሸገ ምግብ ባዩ ቁጥር ይዘውት ወደ እኔ ይመጣሉ።

"አንቺ ልጅ፣ ማዚዋ የለበትም?" ይሉኛል። ከስዋሂሊ አስቀድመው የያዙት ወተት የሚለውን ቃል ነበር፤ ሊርቁት።

እኔም ጀርባውን አዙሬ አነብላቸዋለሁ፤ የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ የአትክልት ዘይት፣ ጨው። ሙስሊም ነኝና ለራሴ ደግሞ የአሳማ ስብ እንዳይኖርበት አያለሁ። እሳቸው ላሟን፣ እኔ አሳማውን ፈርተን፣ ሁለቱም የሌሉበትን ብስኩት ከአንድ ሳህን እንበላለን። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ እንደማይገናኝ የታወቀ ነው፤ የእሳቸው ጾም ግን ባንድ ገበታ አስቀመጠን። እናቴ አገር ቤት ስለቀረች፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ገበታ እወደው ነበር።

ችግሩ እየከሱ መሄዳቸው ነው። ስለዚህ ከመሃል ከተማ የገዙትን ማርጋሪን ዳቦ ላይ እየቀቡ ሲበሉ ሳይ ደስ አለኝ። ቆርቆሮው ላይ ትልቅ የሱፍ አበባ ተስሏል። አበባ ካለበት ምን ያስጠይቃል ብለው ለእኔ ሳያሳዩ ጀምረውታል። ጉንጫቸውም ሞላ ማለት ጀምሮ ነበር። ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት ሻይ እየጠጣን "ቀቢልኝ" ብለው ሰጡኝ፤ እጄ ለምዶ ቆርቆሮውን አዞርኩት። ከሥር፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፣ የዱቄት ወተት ይላል።

ዝም ልል አስቤ ነበር። ፊቴ ግን ምስጢር አይቋጥርም።

"ምን አለ?" አሉኝ።

"ወተት አለበት፣ እማማ።"

ዳቦውን አስቀመጡ። ክዳኑን ቀስ ብለው ገጠሙት። "ልጄ ላይ ይወርድ ይሆን?" አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

ስለ ስለት ሕግ እኔ ምን አውቃለሁ? አንጀቴን በሉኝ። "እማማ፣ ፈጣሪ እንግሊዝኛ አላነበቡም ብሎ ይቀየማል?" አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። "አንቺ ደግሞ" አሉኝ። ሆኖም ወደ ደረቅ ዳቦና ሻይ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ጨው እንኳ ሳያስነብቡኝ አይገዙም።

የናይሮቢ ብርድ ሲገባ፣ ከሞያሌ የመጣ ነጋዴ ሱቃችን ገብቶ እሳቸውን ጠየቀ። ጠራኋቸው። ልጃቸው ተፈቶ ድንበሩን ተሻግሯል፤ ከነጋዴው ቤት አርፏል፤ መኪና እንዳገኘ ይመጣል።

እማማ አላለቀሱም። ከመደርደሪያው ላም የተሳለበትን የዱቄት ወተት አውርደው ባንኮኒው ላይ፣ ከፊቴ አኖሩት።

"አንብቢልኝ" አሉ።

"እማማ፣ ላሚቱ እኮ እየታየች ነው።"

"በሥዕል አላምንም። አንብቢ።"

እንባዬ ፊደሉን ጋረደብኝ። "ወተት አለበት" አልኳቸው።

"እንግዲያው ክፈቺው፤ ለሁለታችንም በጥብጪ" አሉ።