ቋ ያለው የልጄ ጉልበት

ስቅለት ዕለት አብረን ስንሰግድ የልጄ ጉልበት ቋ ሲል ሰማሁና ክው አልኩ። የእኔም የጉልበት ሕመም የጀመረው እንደዚያ ነበር፤ ይኸው ዛሬ ካዛንቺስ ላይ አስፋልት እንኳ ያለ ምርኩዝ አልሻገርም። እሷ ገና ሃያ ዓመቷ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስትወጣ ጆሮዬ እሷ ላይ ሆነ። "እማዬ፣ ጉልበቴን እንደ ሬዲዮ ታዳምጪዋለሽ እንዴ?" ትለኛለች። እኔ ሳቅ ከየት ይምጣልኝ።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ራጇን አይቶ "ንጹህ ነው" ሲለኝ፣ "የእኔም መጀመሪያ ንጹህ ተብሎ ነበር እኮ!" ብዬ አለቀስኩ።

"እውነትዎን ነው፣ እናቴ። የልስልስ አጥንት መበላትን ራጅ ዘግይቶ ነው የሚያሳየው። ቀድሞ የሚናገር ምልክት በጥናት ደም ውስጥ እየፈለግን ነው፤ ገና አላገኘንም።"

"በቃ፣ የእኔን ቅዱና ፈልጉ!" ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ለጥናቱ ቀዱኝ። ልጄን ግን ኤምአርአይ ላካት።

ሐኪሙ ውጤቱን አነበበልኝ። የጉልበቷ ልስልስ አጥንት አልተነካም። ዛሬም ቋ ይላል፤ አያማትም። ልጄ ደህና ናት።